ሦስት እግር

የደምበጫ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ እኔ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ላይ ዓይኔ፤
የሰው ቃል ስጽፍ ኖርሁ፣ የኔን ሳልሰጥ ከቶ፤
ዛሬ ግን አላስተኛ አለኝ፣ አንድ ቃል ጎኔን ወግቶ።

ዐቃቤ ሕጉ ልጅ ነው፤ አምና ነው የተመረቀው፤
ሸሚዙ ገና የሱቅ እጥፋት አለው።
«ተከሳሽ እንየው፣ ጡረተኛ ድሬሰር፣
ከጓሮው፣ ከጌሾው ሥር፣
ካናቢስ ተክሎ ተገኘ፤ ሦስት እግር።»

ሦስት እግር። ተክል እንዲህ ነው የሚቆጠር።
ጻፍሁት። ስጽፈው ግን ብዕሬ ቆመ፤
የሚስቱ እግር ታወሰኝ፣ አልጋ ላይ የደከመ።

ባንቺአየሁ። ነቀርሳው ከጡቷ አጥንቷ ዘልቆ፣
ዓመት ከመንፈቅ ጮኸች፣ ወገቧ ደቅቆ።
ጎረቤት ነበርን። ጭቃ ነው ግድግዳው፤
ጩኸቷ ዘልቆ ነው ልጆቼን የሚያነቃው።
ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ፣ ዜናም ቢሆን፣ ማስታወቂያ፤
ለሷ ማስታገሻ አይደል፤ ለኛ፣ ለራሳችን መሸሸጊያ።
ከሆስፒታል ሲመለስ እንየው ባዶ እጁን፣
«ሞርፊኑ አልቋል አሉኝ፤ ና አሉኝ የሚመጣውን ወር» ሲለን፣
ምን እንላለን? «እግዜር ያውቃል» አልን።

«ታዲያ ቅጠሉ አዳናት?» ዳኛው ጠየቁ።
«ኧረ አላዳናትም ክቡር ዳኛ፤ ቀብሬያታለሁ፣ ያውቃሉ ይህን።
በቅቤ አፍልቼ፣ በማንኪያ አጠጣኋት ማታ ማታውን።
አልዳነችም። ግን ተኛች።
አርባ ሌሊት ተኛች።
ጎኗን ሳትይዝ፣ የተወለደችበትን ቀን ሳትረግም ዐደረች።»
ዳኛው መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ቆዩ፤
«ከጭብጡ አይገናኝም። ይሰረዝ» አሉ።
ሰረዝሁት። በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጌ።

ሕጉ «ዕፅ» ነው የሚለው፤ ዕፀ በለስም ዕፅ ነው፣
ዕፀ ሕይወትም፤ ሁለቱም ባንድ ገነት ነው የበቀለው።
አባቴ ዋሸራ ቅኔ ሲቆጥር በልጅነት፣
አብሾ ጠጥቶ ነበር፣ ለአእምሮው ስለት፤
እሱ መሪጌታ ሆነ፤ ጓደኛው እርቃኑን ዱር ገባ፤
ጽዋው አንድ ነበር፤ ያው የአስተናግር አበባ።

ከችሎቱ ፊት ለፊት አረቄ ቤት አለ፣
ግብሩን የሚከፍል፣ ፈቃዱን በግድግዳው የሰቀለ።
ስንቱ ሚስቱን መትቶ፣ ስንቱ ጎረምሳ ተፈንክቶ፣
ቃሉን የጻፍሁለት፣ ከዚያ ነው የመጣው ጠጥቶ።

ይህን ብዬ ልፍረድ ስል ግን
ወንድሜ አንሙት ይመጣል፣ ይቆማል በራፌን ይዞ።
ባሕር ዳር ሊማር ሄደ፣ ሣጥኑን መጽሐፍ አስይዞ፤
ከጢሱ ጋር ተላመደ፤ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ድምፅ ይሰማው ጀመረ፤
መስኮቱን በካርቶን ደፍኖ፣ ከሌለ ሰው ሲሟገት ዐደረ።
አሁን ሠላሳ አራቱ ነው፤ እናቴ ቤት፣
ማንኪያ ይቆጥራል፤ ሲሳሳት ይጀምራል ካንድ፣ ከሁለት።
ቅጠሉ ነው? ደሙ ነው? ሐኪሙም አልነገረን፤
እናቴ ግን ቆርጣለች፦ «ያ ቅጠል ነው ልጅ ያሳጣን።»

ስድስት ወር፣ በገደብ። ኤግዚቢቱ ይቃጠል።
ከጣቢያው ጀርባ ናፍጣ አርከፍክፈው፣ ሳጂኑ «ራቁ» ሲል፣
እንየው ቀረብ ብሎ ቆመ፤ ቀብር ላይ እንደሚቆም ሁሉ፣
ባርኔጣውን አውልቆ፣ አመድ እስኪሆን ቅጠሉ።

ማታ ለእናቴ ነገርኋት። «ይታሰር ነበር ልጀ፣
አንሙቴን ያየ ሰው እንዴት ይተክላል በደጀ?»
ዝም አለች። የአንሙትን ማንኪያዎች ሰበሰበች፣ ዐጠበች።
የባንቺአየሁን ጀርባ ያጠበችው እሷ ነበረች።
ፊቷን ሳታዞር፣
«እውነት ነው? ተኝታ ነበር?» አለች።

ምን ልበላት?
መዝገቡ ላይ ቃሉ የለም።
ሬዲዮውን ዝቅ አደረግሁ። ከግድግዳው ወዲያ ማንም አይጮህም።